ከቤት ሆኖ ለሌላ ስቴት ድርጅት የሚሠራ ሠራተኛ በየትኛው ስቴት ሕግ ይተዳደራል?

ቤቱ ሜሪላንድ፣ መሥሪያ ቤቱ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የቅርብ አለቃው ደግሞ ቴክሳስ የሆነ ሠራተኛ ዛሬ በአሜሪካ ብርቅ አይደለም። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ከቤት ሆኖ መሥራት በደንበኞች አገልግሎት፣ በሒሳብ ሥራ፣ በኮምፒውተር ሙያና በስልክ አስተርጓሚነት የተለመደ ሆኗል፤ በእነዚህ ሥራዎች የተሰማሩ የሀገራችን ሰዎችም አሉ። ደመወዝ በወቅቱ እስከገባ ድረስ የቦታው መራራቅ ብዙም አያሳስብም። ጥያቄው የሚነሣው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲቀር፣ የታመመ ልጅ ለማስታመም ፈቃድ ሲያስፈልግ፣ የስንብት ደብዳቤ ሲደርስ ወይም ሰው በሥራ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ወድቆ ሲጎዳ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሠራተኞች «ቢሮአችን ያለው እዚያ ስለሆነ የሚሠራው የእዚያ ሕግ ነው» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም አምነው ይቀመጣሉ። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም፤ በዚህ የተነሣ የሚቀረው ገንዘብና መብትም ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት የአሜሪካ የሥራ ሕግ በደረጃ የተደራረበ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከሥር ያለው በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ደረጃዎች ሕግ ነው፤ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ ሥራ የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል፤ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያም ከሐምሌ 2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ሕግ ይጨምራል፤ አንዳንድ ካውንቲዎችና ከተሞችም እንደገና የራሳቸውን ያክላሉ። ሕጎቹ በአንድ ሠራተኛ ላይ ሲገናኙ የሚሠራው ለሠራተኛው የሚሻለው ነው። ስለዚህ የፌዴራሉ ሕግ ማንም ከሱ በታች ሊወርድ የማይችልበት ወለል ሲሆን ልዩነቱ ሁሉ የሚፈጠረው በስቴቱና በከተማው ሕግ ነው።

የትኛው ስቴት ለሚለው ጥያቄ የመነሻ መልሱ ሥራው በአካል የሚሠራበት ስቴት የሚል ነው። የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት የትም ይሁን፣ ደመወዙ ከየትም ይላክ፣ ሠራተኛው ተቀምጦ የሚሠራበት ቦታ የደመወዙን መነሻ፣ የትርፍ ሰዓቱን፣ የሕመም ፈቃዱንና የመጨረሻ ክፍያው የሚሰጥበትን ጊዜ ይወስናል። አትላንታ ያለ ድርጅት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከቤቱ የሚሠራ አንድ ሠራተኛ ብቻ ቢኖረው፣ በዚያ አንድ ሠራተኛ ላይ የካሊፎርኒያን ሕግ የመፈጸም ግዴታ አለበት። «ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢሮ የለንም» ማለት ከዚህ ግዴታ አያወጣውም።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፦ የአንድ ቀን ልዩነት

ይህ ደንብ ሠራተኛው ሳምንቱን በሁለት ቦታ ሲከፍለው ይወሳሰባል። ለዚህም ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲና ከዙሪያዋ የተሻለ ምሳሌ የለም። በ2025 አጋማሽ ላይ የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ የሜሪላንድ 15 ዶላር፣ የቨርጂኒያ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከስቴቱ ከፍ ያለ የራሱ መነሻ አለው። አንድን ድልድይ ወይም አንድን መንገድ ተሻግሮ የሚሠራ ሰው በሦስት የተለያዩ ሕጎች መካከል ይመላለሳል ማለት ነው።

የዲሲ ሕግ ይህን አስቀድሞ አስቦበት መስፈርቱን በግልጽ አስቀምጧል። አንድ ሠራተኛ በዲሲ ዝቅተኛ ክፍያ የሚሸፈነው ከሁለት አንዱን ሲያሟላ ነው፦ ከሥራ ጊዜው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ዘወትር ዲሲ ውስጥ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ወይም ሥራው መሠረቱ ዲሲ ሆኖ ከፍ ያለ የሥራ ጊዜውን ዘወትር እዚያ የሚያሳልፍና በሌላ በማንኛውም አንድ ስቴት ውስጥ ከግማሽ በላይ የማይሠራ ከሆነ። በሳምንት አምስት ቀን የምትሠራ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ብንወስድ፣ ሦስት ቀን ዲሲ ገብታ ሁለት ቀን ከቤት ከሠራች የሥራ ጊዜዋ 60 በመቶ ዲሲ ነው፤ የዲሲው ሕግ ይሸፍናታል። አለቃዋ «ከእንግዲህ ሁለት ቀን ብቻ ግቢ» ካላት ግን 60 በመቶው ወደ ሜሪላንድ ይዞርና ከሁለቱም መስፈርት ትወጣለች። ሥራዋ፣ አለቃዋና ማዕረጓ አልተለወጡም፤ የተለወጠው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያቺው ሠራተኛ ሁለት ቀን ዲሲ፣ ሁለት ቀን ቨርጂኒያ ያለ የደንበኛ ቢሮ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሜሪላንድ ቤቷ ብትሠራ፣ በየትኛውም ስቴት ከግማሽ አላለፈችምና ሥራዋ በዲሲ የተመሠረተ እስከሆነ ድረስ የዲሲው ሕግ ተመልሶ ይይዛታል።

ከሰዓት ክፍያው ይልቅ ብዙዎችን የሚጎዳው የቤተሰብ ፈቃዱ ነው። ዲሲ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ለወሊድ፣ ለራስ ሕመምና የታመመ ቤተሰብን ለማስታመም የሚከፈልበት ፈቃድ የሚሰጥ ፕሮግራም አለው፤ ብቁ የሚያደርገውም ተመሳሳይ የሥራ ቦታ መስፈርት ነው። የሜሪላንድ የራሱ ፕሮግራም ጥቅም መስጠት የሚጀምርበት ጊዜ በተደጋጋሚ ተላልፎ ወደ 2028 ተገፍቷል። ስለዚህ ልጅ የምትጠብቅ እናት «ከቤት መሥራት ይሻለኛል» ብላ የቢሮ ቀኖቿን ስትቀንስ፣ ሳታውቀው ደመወዝ ከሚተካው ፈቃድ ልትወጣ ትችላለች። እንዲህ ያለ ለውጥ ከማድረግ በፊት አሠሪው ለዲሲ መንግሥት ሠራተኛዋን በሽፋኑ ውስጥ አድርጎ እያስመዘገበ መሆኑን በጽሑፍ መጠየቅ አጥብቄ የምመክረው ነገር ነው።

ካሊፎርኒያ ሲኬድና ከካሊፎርኒያ ሲወጣ

የስቴት ሕግ ክብደት ጎልቶ የሚታየው ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ሲነጻጸሩ ነው። በቴክሳስ የትርፍ ሰዓት የሚቆጠረው በፌዴራሉ ሕግ ማለትም በሳምንት ከ40 ሰዓት በኋላ ነው። በካሊፎርኒያ ግን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ደግሞ እጥፍ ይከፈላል። በሰዓት 20 ዶላር የሚያገኝ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ 10 ሰዓት ቢሠራ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ተቀምጦ ከሆነ 800 ዶላር ያገኛል። ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ ከሆነ ግን 32ቱ ሰዓት በመደበኛው 640 ዶላር፣ የቀሩት 8 ሰዓቶች በ30 ዶላር ታስበው 240 ዶላር፣ በድምሩ 880 ዶላር ይደርሰዋል። ሠራተኞች በድምፅ የሚያጸድቁት የተለየ የሥራ ሳምንት ካልተመሠረተ በቀር፣ ለዚያው ሥራ በየሳምንቱ የ80 ዶላር ልዩነት አለ።

በወር ደመወዝ የሚከፈላቸውም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ብዙ ሰው «ደመወዝተኛ ስለሆንኩ ኦቨርታይም የለኝም» ብሎ ያምናል። ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ ለመሆን ግን የሥራው ዓይነት ብቻ ሳይሆን የደመወዙ መጠንም ይታያል። የፌዴራሉ መነሻ በዓመት 35,568 ዶላር ሲሆን የካሊፎርኒያው በ2025 ዓ.ም. 68,640 ዶላር ነበር። በዓመት 60,000 ዶላር የሚከፈለው የቢሮ ኃላፊ ቴክሳስ ሆኖ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ሊሠራ ይችላል፤ ያው ሰው በዚያው ደመወዝ ሳክራሜንቶ ቤቱ ሆኖ ከሠራ ግን ከ8 ሰዓት በላይ ለሠራው ሁሉ ሊከፈለው ይገባል።

ከቤት የሚሠራ ሰው የራሱን ኢንተርኔት፣ የራሱን ስልክና ኤሌክትሪክ ይጠቀማል፤ ይህን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለውም ከስቴት ስቴት ይለያያል። የፌዴራሉ ሕግ አሠሪውን የሚይዘው ወጪው ሲቀነስ የሠራተኛው ክፍያ ከዝቅተኛው መነሻ በታች የሚወርድ ከሆነ ብቻ ነው። በካሊፎርኒያ ግን የሥራ ሕጉ አንቀጽ 2802 ለሥራ የግድ የሆነ ወጪን አሠሪው እንዲተካ ያዛል። በ2014 የስቴቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሠራተኛው ለግሉም ቢሆን የሚከፍለው ያልተገደበ የስልክ ዕቅድ ቢኖረው እንኳ ስልኩን ለሥራ እንዲጠቀም ከተገደደ አሠሪው ተገቢውን ድርሻ መክፈል አለበት ብሎ ወስኗል። በ2023 ደግሞ በአይቢኤም ላይ በቀረበ ክስ፣ ሠራተኞችን ከቤት እንዲሠሩ ያደረገው የመንግሥት የኮቪድ ትእዛዝ ነው የሚለውን መከላከያ ሌላ የይግባኝ ችሎት አልተቀበለም። ኢሊኖይም ከ2019 መግቢያ ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አለው፤ እዚያ ግን ሠራተኛው ደረሰኙን በመደበኛው 30 ቀን ውስጥ ማቅረብ ስላለበት የቺካጎ ነዋሪዎች ቀኑን መቁጠር ያስፈልጋቸዋል።

ውሉ የሌላ ስቴት ስም ቢጠቅስስ? አብዛኛው የቅጥር ውል መጨረሻው ገጽ ላይ «ይህ ውል የሚዳኘው በዴላዌር ሕግ ነው» ወይም «ክርክር የሚሰማው በቴክሳስ ነው» የሚል መስመር አለው። ሠራተኞች ይህን አንብበው ከመጠየቅ ይታቀባሉ። ነገር ግን ሕግ የሰጠው ዝቅተኛ ክፍያና የትርፍ ሰዓት መብት በአጠቃላይ በውል የሚጣል አይደለም። ካሊፎርኒያ በዋናነት በስቴቱ የሚኖርንና የሚሠራን ሰው ክርክሩን ከስቴቱ ውጭ እንዲያደርግ ማስገደድን ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች፤ ልዩ ሁኔታው ሠራተኛው ውሉን ሲደራደር የራሱ ጠበቃ የነበረው እንደሆነ ነው።

የትኛው ደቂቃ የሥራ ሰዓት ነው?

ይህ ክፍል የፌዴራል ሕግን የሚመለከት ቢሆንም ከቤት ለሚሠራ ሰው ከሁሉ በላይ ይቀርባልና በጥቂቱ ልቆይበት። የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር በነሐሴ 2020 ባወጣው መመሪያ፣ አሠሪው ሥራው መሠራቱን ካወቀ ወይም ማወቅ ይገባው ከነበረ፣ ያላዘዘውንም ሰዓት ጭምር መክፈል አለበት ብሏል። ማታ አለቃው ለላከው መልእክት የተሰጠ መልስ፣ ከፈረቃው በኋላ የተጠናቀቀ ሪፖርት፣ ሁሉም የሥራ ሰዓት ነው። በየካቲት 2023 የወጣው ሌላ መመሪያ ደግሞ ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ አጭር ዕረፍት ቤትም ሆኖ የሚከፈልበት መሆኑን አስታውሷል።

በስልክ ማዕከል የሠራ ሰው ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ፣ ሦስት አራት ፕሮግራም እስኪነሣ መጠበቅን ያውቀዋል። ብዙ ድርጅቶች ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት ሠራተኛው ወደ መመዝገቢያው ፕሮግራም ሲገባ ነው። የአሥረኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2021፣ የዘጠነኛው ደግሞ በ2022፣ ለስልክ ማዕከል ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ማስነሣት የዋናው ሥራው አካል ስለሆነ የሚከፈልበት ነው ብለዋል። በቀን አሥር ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች፤ በዓመት ግን ከ40 ሰዓት ትበልጣለች።

የስልክ አስተርጓሚዎች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ክፍያቸው ብዙ ጊዜ በደቂቃ ሆኖ፣ የሚቆጠረውም ጥሪ ላይ የዋሉበት ጊዜ ብቻ ነው። የሆስፒታል ጥሪ በሰከንዶች ውስጥ ማንሣት ስላለባት ከወንበሯ መነሣት የማትችል አስተርጓሚ፣ ተቀጣሪ እስከሆነች ድረስ፣ ጥሪ የምትጠብቅበት ጊዜም የሥራ ሰዓት ነው፤ በዚያ ጊዜ የራሷን ጉዳይ መፈጸም አትችልምና። ችግሩ «ተቀጣሪ እስከሆነች ድረስ» የሚለው ነው። ለተቀጣሪ በሚሰጠው የታክስ ቅጽ በደብልዩ-2 ፈንታ ለተቋራጭ በሚሰጠው በ1099 የምትከፈል ከሆነ፣ ከላይ የተዘረዘረው መብት ሁሉ አይመለከትሽም ትባላለች፤ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክሱንም የአሠሪውን ድርሻ ጨምራ 15.3 በመቶ ራሷ ትከፍላለች። ሆኖም ሰውን ተቀጣሪ ወይም ራሱን የቻለ ተቋራጭ የሚያደርገው የቅጹ ቁጥር አይደለም። ሰዓቱን የሚወስነው፣ ዋጋውን የሚተምነውና ሥራውን የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነ ይታያል። ማሳቹሴትስና ካሊፎርኒያ ተቋራጭ ነው የሚለውን የማስረዳት ሸክም በከባድ የሦስት ነጥብ መለኪያ በአሠሪው ላይ ጥለዋል፤ ካሊፎርኒያ ለተወሰኑ ሙያዎች የተለየ ደንብ ቢኖራትም። እዚህም ላይ የሚመዘነው በየትኛው ስቴት መለኪያ ነው የሚለው ጥያቄ አስተርጓሚዋ ከተቀመጠችበት ወንበር ይጀምራል።

ከሥራ ሲሰናበቱና ሲጎዱ

የሥራ አጥነት ድጎማ፣ በእኛው አጠራር አንኢምፕሎይመንት፣ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ስቴቶች በአንድ ዓይነት ሁኔታ የተቀበሉት መለኪያ በመጀመሪያ ሥራው የሚሠራበትን ስቴት ይጠይቃል፤ በዚህ ካልተለየ ሠራተኛው የሚነሣበትን መሠረት፣ ቀጥሎ ትእዛዝ የሚመጣበትን ቦታ፣ በመጨረሻ መኖሪያውን ያያል። ከቤት ለሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሱ በመጀመሪያው ጥያቄ ያልቃል።

ይህን ያጸናው በ2003 የኒው ዮርክ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። ሠራተኛዋ ሎንግ አይላንድ በሚገኝ የሮይተርስ ቢሮ ትሠራ ነበር፤ በ1997 በባሏ ሥራ ምክንያት ወደ ፍሎሪዳ ስትሄድ ድርጅቱ ከዚያው ከቤቷ ከኒው ዮርኩ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝታ እንድትሠራ ፈቀደላት። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ድርጅቱ ዝግጅቱን አቆመና ኒው ዮርክ ተመልሰሽ ሥሪ አላት፤ አልሄደችም። ፍሎሪዳ «በፈቃድሽ ነው የለቀቅሽው» ብላ ድጎማውን ከለከለቻት። ወደ ኒው ዮርክ አመለከተች፤ ፍርድ ቤቱም ሥራሽን የሠራሽው በአካል ፍሎሪዳ ተቀምጠሽ ነው፣ ስለዚህ የኒው ዮርክ ድጎማ አይገባሽም አለ። ትእዛዝ የምትቀበለው፣ ውጤቱም የሚታየው ኒው ዮርክ መሆኑ አልጠቀማትም። በሁለቱም በር ተመልሳ ቀረች። በዚህ ውሳኔ የማዝነው ሴትዮዋ ያጠፋችው ነገር ስላልነበረ ነው፤ ከሕጉ አንጻር ግን ውሳኔው ለሠራተኞች ሁሉ የሚበጅ ግልጽነት ሰጥቷል፦ ማመልከቻው መጀመሪያ የሚገባው ኮምፒውተሩ በነበረበት ስቴት ነው።

የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የስቴቶች ልዩነት የሚታይበት ነው። በ2011 በኦሪገን የታየ ጉዳይ አለ፤ ለጄሲ ፔኒ የቤት ማስዋቢያ ባለሙያ የነበረች ሴት ከቤቷ ትሠራ ነበር። የጨርቅ ናሙና ለመለወጥ ከጓሮ በር ወደ ጋራዥ ስትወጣ ውሻዋ ላይ ተደናቅፋ ወደቀችና የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። የኦሪገን ይግባኝ ፍርድ ቤት ቤቷ የሥራ ቦታዋ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓትም ለሥራ ስለምትንቀሳቀስ አደጋው የሥራ ነው አለ። በ2019 ደግሞ አሪዞና ቤቷ ሆና ለፍሎሪዳ ቢሮ የምትሠራ ሌላ ሴት ቡና ልትቀዳ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ከውሾቿ በአንዱ ተደናቅፋ ጉልበቷን፣ ዳሌዋንና ትከሻዋን ተጎዳች። የፍሎሪዳው ይግባኝ ፍርድ ቤት አደጋውን ያመጣው ሥራዋ ሳይሆን የራሷ ቤትና የራሷ ውሻ ነው ብሎ ካሳውን ከለከለ። ሁለቱም ሴቶች በሥራ ሰዓት፣ በቤታቸው፣ በውሻ ነው የወደቁት። አንዷን ያዳናት በዚያች ቅጽበት የሥራ ዕቃ ልታመጣ መነሣቷ ነው። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ቤቱ የተጎዳ ሰው ምን እየሠራ እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ወዴት ሊሄድ እንደተነሣ በዚያው ቀን ጽፎ ለአሠሪው መላክ አለበት። ከወር በኋላ የሚነገር ታሪክ ያን ያህል አይታመንም።

ቤትዎ መልሱ የማይሆንባቸው ጊዜዎች

አሁን ድረስ የተባለው ሁሉ ወደ ሠራተኛው መቀመጫ ይመራል። ሁለት ጉዳዮች ግን ከዚህ ይለያሉ፤ አንዱ ለሠራተኛው ይጠቅማል፣ ሌላው ኪሱን ይነካል።

የሚጠቅመው የፌዴራሉ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ነው። ይህ ሕግ እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ግን ከሥራ ሳይባረሩ መቅረትን የሚፈቅደው፣ ሠራተኛው አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት ከሠራና በሥራ ቦታው ዙሪያ በ75 ማይል ውስጥ አሠሪው 50 ሠራተኞች ካሉት ነው። ብቻውን ሞንታና ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው «በ75 ማይል ውስጥ ማንም የለኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጥ ይሆናል። ደንቡ ግን ለዚህ ሕግ ሲባል ቤት የሥራ ቦታ አይባልም ይላል፤ የሚቆጠረው የሚታዘዝበት ወይም ሪፖርት የሚያደርግበት ቢሮ ነው። ቢሮው ሲያትል ሆኖ በዙሪያው 50 ሰው ከተሠማራ የሞንታናው ሠራተኛም መብቱ ይጠበቃል።

ኪስ የሚነካው ታክስ ነው፤ ታክስ የሥራ ሕግ ባይሆንም ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ በመሆኑ ሰዎች ከዚህ ጋር ያደባልቁታል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በመካከላቸው ስምምነት ስላላቸው ተሻግሮ የሚሠራ ነዋሪ የደመወዙን የገቢ ታክስ የሚከፍለው ለሚኖርበት ብቻ ነው፤ ለአሠሪው ተገቢውን ቅጽ መስጠት ይበቃል። ኒው ዮርክ ግን ለኒው ዮርክ ቢሮ የሚሠራ ሰው ከሌላ ስቴት ቤቱ የሠራው ለራሱ ምቾት እንጂ ለአሠሪው አስፈላጊነት ካልሆነ፣ ደመወዙን እዚያው እንደተሠራ ቆጥራ ታስከፍላለች። በሥራ ሕግ የኒው ጀርሲ ሠራተኛ የሆነ ሰው በታክስ የኒው ዮርክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሥራ ማስታወቂያ ላይ የደመወዝ መጠን እንዲጻፍ የሚያዙ ሕጎችም ድንበር ይሻገራሉ። የኒው ዮርክ ሕግ ከመስከረም 2023 ጀምሮ፣ ሥራው ሌላ ስቴት ቢሠራም ለኒው ዮርክ ኃላፊ ወይም ቢሮ ሪፖርት የሚደረግበት ከሆነ ይይዘዋል። የኮሎራዶ ሕግ በ2021 ሲጀምር አንዳንድ ድርጅቶች «ከኮሎራዶ ነዋሪ በስተቀር» የሚል ማስታወቂያ አወጡ፤ የስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤትም ኮሎራዶ ውስጥ አንድም ሠራተኛ ያለው አሠሪ በዚህ አባባል ከግዴታው አያመልጥም አለ።

አድራሻ መለወጥና ከሀገር መውጣት

አንድ ድርጅት በአዲስ ስቴት አንድ ሠራተኛ ሲኖረው በዚያ ስቴት ለደመወዝ ታክስና ለሥራ አጥነት መድን መመዝገብ፣ የጉዳት መድኑን ማስፋት፣ የፈቃድ መመሪያውን ማስተካከል ሊኖርበት ይችላል። አሠሪዎች «ከእነዚህ ስቴቶች ውጭ መኖር አይቻልም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንዶች ሥራቸውን እንዳያጡ ሠግተው ወደ ሌላ ስቴት መዛወራቸውን ይደብቃሉ፤ የዘመድ አድራሻ ሰጥተው ይቀጥላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፣ ነገር ግን መደበቁ የሚጎዳው በመጀመሪያ ራሳቸውን ነው። መድኑ በሌለበት ስቴት ሲጎዱ ካሳው ያከራክራል፣ ድጎማው በተሳሳተ ስቴት ይመዘገባል፣ ታክሱ ለተሳሳተ ስቴት ይቆረጣል፣ አድራሻ መዋሸቱም ራሱን የቻለ የስንብት ምክንያት ይሆናል። መዛወሩን በኢሜል አሳውቆ መልሱን ማስቀመጥ፣ በሁለት ቦታ የሚሠሩም በየቀኑ የት እንደዋሉ በቀላል የቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈር፣ ከማንኛውም የሕግ ክርክር ይበልጣል።

ላፕቶፑን ይዞ አዲስ አበባ ሄዶ ወር ሁለት ወር ከእናቱ ቤት የሚሠራ ሰውም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያና የትርፍ ሰዓት ድንጋጌ፣ የሳምንቱ ሥራ ውጭ ሀገር ባለ የሥራ ቦታ ለተሠራ አይሠራም። የስቴት ሕግም ቢሆን በአጠቃላይ ባሕር አይሻገርም። ከአድልዎ የሚጠብቁት ዋና ዋና የፌዴራል ሕጎች ግን ለአሜሪካ ድርጅት ውጭ ሀገር የሚሠራን የአሜሪካ ዜጋ ይከተሉታል፤ ግሪን ካርድ ያለውን አይከተሉትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጦ ለአሜሪካ ድርጅት በቋሚነት የሚሠራ ሰው ደግሞ የሥራ ግንኙነቱ የሚያነሣው ጥያቄ መጀመሪያ የሚታየው በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መነጽር እንጂ በካሊፎርኒያ ወይም በኒው ዮርክ ሕግ አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ የጊዜ ገደብን የሚመለከት ነው። ያልተከፈለ ክፍያ ለመጠየቅ የፌዴራሉ ሕግ ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ አሠሪው ሆን ብሎ ከሆነ ሦስት። ሜሪላንድና ዲሲ ሦስት ዓመት፣ ኒው ዮርክ ስድስት ዓመት ይፈቅዳሉ። አቤቱታው ለስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ያለ ጠበቃ፣ ያለ ክፍያ ሊቀርብ ይችላል፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። የመኖሪያ ፈቃድ ያለመኖር ለተሠራ ሥራ የሚገባን ደመወዝ አያስቀርም፤ በመጠየቁ ምክንያት ሠራተኛን ማባረርም ሆነ ሰዓቱን መቀነስ በሕግ የተከለከለ ነው። ለማመልከት የሚያስፈልጉት የክፍያ ደረሰኞች፣ የሰዓት መዝገብና የሥራ ቦታው የት እንደነበር የሚያሳዩ መልእክቶች ናቸው፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሚቀመጡና ስንብት በመጣ ቀን ስለሚዘጉ፣ የራስ የሆኑትን የክፍያና የሰዓት መረጃዎች ቅጂ በየወሩ በቤት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።